በሰው በቆሎ የቆመች ከተማ፦ ከሮአኖክ እስከ ፖይንት ኮምፈርት

ሐሙስ፦ ወደ ባሕሩ ዳርቻ

እንግሊዞች አሜሪካ ውስጥ የቆረቆሯቸውን የመጀመሪያ ሰፈሮች በተራ እንይ ካልን መነሻው የቨርጂኒያው ጀምስታውን አይደለም። ከእሱ 20 ዓመት ቀደም ብሎ ሮአኖክ አለ፤ ዛሬ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ያለች ትንሽ ደሴት። ስለዚህ ከአሌክሳንድሪያ ተነስተን፣ አውራ ጎዳና 95ን ይዘን ሪችመንድ ደረስን። ከዚያ በ64 ወደ ምሥራቅ። የጀምስታውንን ታፔላ እያየን አለፍነው።

«አባዬ፣ አለፍከው እኮ!» አለች ልጄ ከኋላ ወንበር።

«እንመለስበታለን» አልኳት።

የጉዞው ሰበብ እሷው ናት። ነሐሴ ሲያልቅ አራተኛ ክፍል ትገባለች። ቨርጂኒያ ውስጥ አራተኛ ክፍል ማለት ደግሞ የክፍለ ግዛቱን ታሪክ የሚማሩበት ዓመት ነው። እኔና ባለቤቴ እዚህ አገር ከኖርን ቆየን። ግብር እንከፍላለን፣ እንመርጣለን። ስለ አገሩ አመሠራረት የምናውቀው ግን ለዜግነት ፈተና የሸመደድነውን ያህል ነው። ፈተናውን የወሰደ ያስታውሳል፤ ሰፋሪዎቹ ወደ አሜሪካ የመጡበትን አንድ ምክንያት ተናገር ይላል። ነፃነት ብለህ መልሰህ ታልፋለህ። የኢኮኖሚ ዕድል ብትልም ትክክል ነው፤ ሰው ግን የሚይዘው የመጀመሪያዋን ነው። እኔም የያዝኩት እሷን ነበር።

ፍልሰታ ገና አልተፈታም። ባለቤቴ ስንቅ ሳትይዝ ከቤት አትወጣም፤ ጾም ሲሆን ደግሞ ይብስባታል። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ አንድ ትልቅ ዕቃ ሽሮ፣ በፌስታል የተጠቀለለ እንጀራ። ሃምፕተን ላይ ከባሕሩ ሥር የሚያልፈው ዋሻ ጋ ስንደርስ መኪናው ሁሉ ቆሟል። በጋ ላይ ሁሌም እንዲህ ነው አሉ። ዳቦ ቆሎው እዚያው ተጋመሰ። ማንቲዮ የገባነው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው።

(ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችና ቀኖች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ዓርብ፦ ሮአኖክ

ደሴቷ ላይ ማንቲዮና ዋንቺስ የሚባሉ ሁለት መንደሮች አሉ። ሁለቱም የሰው ስም ነው። በ1584 የሰር ዋልተር ራሌይ መርከቦች ቦታውን አይተው ሲመለሱ ሁለት የአገሩን ተወላጆች ይዘው ለንደን ገቡ። ማንቲዮ የእንግሊዞች ወዳጅ ሆኖ ቀረ። ዋንቺስ ግን አገሩ ሲመለስ ጥሏቸው ሄደ፤ ኋላም ጠላታቸው ሆነ። ሁለቱም ያዩት ያንኑ ለንደንን ነው።

ራሌይ ራሱ እዚህ መሬት ላይ እግሩ ረግጦ አያውቅም። ንግሥት ኤልሳቤጥ የሰጠችው ፈቃድ በክርስቲያን ንጉሥ ያልተያዘ አገር ፈልጎ እንዲይዝ ነው። ሰው ይኑርበት አይኑርበት ጥያቄ ውስጥ አልገባም። ክርስቲያን ንጉሥ ከሌለው ባለቤት የለውም።

ጠዋት ፎርት ራሌይ ሄድን። ልጄ ግንብ ያለው ምሽግ ጠብቃ ነበር። ያገኘነው ሳር የለበሰ የአፈር ክትርና ዙሪያውን የተቆፈረ ቦይ ነው። እሱም በ1950 እንደገና የተሠራ። በአምስት ደቂቃ ዞረህ ትጨርሰዋለህ። ጥላው ግን ጥሩ ነው፤ ትላልቅ ዛፎች አሉ፣ ከዛፎቹ ጀርባ ውሃው ይታያል።

በ1585 የመጡት በራልፍ ሌን የሚመሩ 107 ያህል ወንዶች ነበሩ። ሴት የለም፣ ልጅ የለም። ገና ሲደርሱ ትልቋ መርከባቸው ደለል ላይ ተቀርቅራ የያዘችው እህል በጨው ውሃ ተበላሸ። የቀራቸው የጎረቤት ጎተራ ነበር። የአካባቢው አለቃ ዊንጊና መጀመሪያ አበላቸው፤ ዓሣ ማጥመጃም ሠራላቸው። ክረምቱ አልፎ የራሱም ሰው እህል ሲያጥረው እጁን ሰበሰበ። ሌን ደግሞ ሊያጠቃን እያሴረ ነው ብሎ በሰኔ 1586 አስገደለው። ከዚያ ጥቂት ቀን ሳይቆይ የእንግሊዙ መርከበኛ ሰር ፍራንሲስ ድሬክ በባሕሩ ሲያልፍ ሁሉም ተሳፍረው አገራቸው ገቡ። አንድ ዓመት አልሞላቸውም።

ይህችን ታሪክ ያዙልኝ። ጀምስታውን ላይ በትልቁ ትደገማለች።

ሁሉም ሰው የሚያወራው ግን ስለ ሦስተኛው ዙር ነው። በ1587 ሠዓሊው ጆን ዋይት 115 ያህል ሰው ይዞ መጣ፤ በዚህኛው ሴቶችና ልጆችም አሉ። ሐሳባቸው ወደ ሰሜን ወጥተው ቼሳፒክ ላይ መስፈር ነበር። የመርከቡ መሪ ግን ሮአኖክ ላይ አራገፋቸው። በነሐሴ 18 የዋይት ልጅ ሴት ልጅ ወለደች። ቨርጂኒያ ዴር አሏት፤ በእነዚህ አገሮች ከእንግሊዝ ወላጆች የተወለደች የመጀመሪያዋ ልጅ። አያትየው ግን የልጅ ልጁን አቅፎ አልቆየም። ስንቅ ስላልነበራቸው ለምነው ወደ እንግሊዝ ላኩት።

ሄዶ ቀረ። ከስፔን ጋር ጦርነት ነበር፤ መርከብ ሁሉ ለዚያ ተያዘ። የተመለሰው በ1590፣ ልክ በልጅቷ ሦስተኛ ልደት ቀን ነው። ሰው የለም። አጥሩ እንጨት ላይ «ክሮአቶአን» የሚል ተቀርጿል። ዛፍ ላይ ደግሞ የዚያው ቃል የመጀመሪያ ሦስት ፊደላት። ከመሄዱ በፊት ተስማምተው ነበር፤ ቦታ ከለወጣችሁ ስሙን ጻፉ፣ አደጋ ከገጠማችሁ መስቀል ጨምሩበት። መስቀል አልነበረም።

እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ዋይት የቀበራቸው የራሱ ሣጥኖች ተቆፍረው ተሰባብረው አገኛቸው። መጽሐፎቹ ከሽፋናቸው ተገንጥለዋል። የሣላቸው ሥዕሎችና ካርታዎች በዝናብ በስብሰዋል። ጥሩሩን ዝገት በልቶታል። ይህን ሁሉ ራሱ ጽፎ ትቶልናል። ልጁንና የልጅ ልጁን ፍለጋ የመጣ ሰው ሥዕሉን ጭምር መቁጠሩ መጀመሪያ ገረመኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን ሌላ ምን ይቁጠር?

ክሮአቶአን የማንቲዮ ወገኖች አገር ነው፤ ዛሬ ሃተራስ የምትባለው ደሴት። ወደዚያ ሊሄድ ሲል ማዕበል ተነሳ፣ መልሕቆቹ ተበጠሱ፣ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። ዳግም አላያቸውም። ምን እንደሆኑ እስከ ዛሬ በማያሻማ ማስረጃ የተረጋገጠ ነገር የለም። የመንደሩ ሱቆች በዚህ ምሥጢር ይነግዳሉ፤ ቲሸርት፣ ኩባያ፣ ኮፍያ። በእኔ ግምት ግን ብዙም አልተደበቁም። የሚሄዱበትን ጽፈው ነው የሄዱት። የሚበላ ያለው ወዳጅ ጋ ነው የሄዱት።

ምሳ ላይ ትንሽ ተከራከርን። መንደሩ በሙሉ የዓሣ ቤት ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው የጥንቱ ክርክር እኛም ጠረጴዛ ላይ መጣ። ባለቤቴ አሸነፈች። ድንች ጥብስና ሰላጣ በላን።

ቅዳሜ፦ ሦስቱ መርከቦች

ወደ ሰሜን ተመለስን። ስለ መንገዱ የምለው የለኝም፤ ያው ዋሻ፣ ያው ቆሞ መዋል።

ጀምስታውን የሚባሉ ሁለት የሚጎበኙ ቦታዎች አሉ፤ ሰው ያምታታቸዋል። አንደኛው ክፍለ ግዛቱ የሠራው ሙዚየም ነው። ሁለተኛው እውነተኛው ደሴት ነው፤ ትንሽ እልፍ ይላል። ቅዳሜን ለሙዚየሙ ሰጠነው፤ ምክንያቱም መርከቦቹ ያሉት እዚህ ነው። ሱዛን ኮንስታንት፣ ጎድስፒድ፣ ዲስከቨሪ። በአምሳያቸው የተሠሩ ናቸው፤ ወንዙ ላይ ቆመዋል፤ ላያቸው ላይ ይወጣል።

ትንሿ ዲስከቨሪ 20 ቶን ብቻ ናት። 21 ሰው ይዛ ነው አትላንቲክን ያቋረጠችው። ወደ ውስጥ ስወርድ ጎንበስ አልኩ፤ ቀና ማለት አልቻልኩም። በሦስቱ መርከቦች 144 ያህል ሰው ነበር፤ መርከበኞቹን ጨምሮ። ከለንደን የተነሱት በታኅሣሥ 20፣ 1606 ነው። ነፋስ እምቢ ብሏቸው የእንግሊዝን ዳርቻ ሳይለቁ ለሳምንታት ተገትረው ቆዩ፤ ስንቁ ግን ይበላል። ቨርጂኒያ የደረሱት በሚያዝያ 26፣ 1607። ለእኛ አንባቢ ዘመኑን ለማስያዝ ያህል፣ ሱስንዮስ ጎል ላይ ያዕቆብን ድል ያደረገበት ዓመት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስቆኛል። የሰፈሩ አስተዳዳሪዎች እነማን እንደሆኑ የሚገልጸው ወረቀት በታሸገ ሣጥን ነው የመጣው። መሬት ሳይነኩ እንዳይከፈት ተብሏል። ሲከፈት ከስሞቹ አንዱ ጆን ስሚዝ ሆኖ ተገኘ። ስሚዝ በዚያን ሰዓት አመፅ አነሳስተሃል ተብሎ እስረኛ ነው! መንገድ ላይ ሊሰቅሉትም አስበው ነበር። የሾሙትና ያሰሩት እስኪገጣጠም ድረስ ሳምንታት ፈጀ።

የላካቸው ንጉሥ ጄምስ አይደለም። ንጉሡ ፈቃድ ሰጠ እንጂ ገንዘቡ የቨርጂኒያ ኩባንያ ነው። አክሲዮን ማኅበር፣ እኛ እንደምናውቀው ያለ። በ1609 አንድ አክሲዮን 12 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ ይሸጥ ነበር። ነጋዴውም፣ መኳንንቱም፣ የለንደን የሙያ ማኅበራትም ገዝተዋል። ባለአክሲዮኑ የሚጠብቀው ወርቅ፣ ካልሆነም ወደ እስያ የሚያሻግር ውሃ ነው። ስለዚህ ከተላኩት መካከል ጥቂት የማይባሉት በእጃቸው ሠርተው የማያውቁ ጌቶች ነበሩ። ወርቅ አንጥረኛም ነበረበት። በ1608 አብለጭላጭ አፈር በመርከብ ጭነው ለንደን ላኩ። አፈር ሆኖ ቀረ።

«ታዲያ ገበሬ አልላኩም?» አለች ባለቤቴ። የገበሬ ልጅ ናት።

እህሉን ከአገሬው እንገዛለን ብለው ነው። ዕቅዱ ይህ ነበር። ዶቃና መዳብ ይዘው መጥተዋል።

ማታ ዊሊያምስበርግ አደርን። ያማረች ከተማ ናት፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን አይደለችም።

እሑድ፦ ደሴቱ

ቅዳሴ አመለጠን። ባለቤቴ ስልኳ ላይ ከፍታ እያዳመጠች ነበር ወደ ደሴቱ የገባነው። በዛፍ የተከበበ መንገድ ነው፤ ጭነት መኪና የለም፣ ማስታወቂያ የለም። ከዚያ ረግረግ፣ ከዚያ ድልድይ፣ ከዚያ ደሴቱ።

ሲታይ ያምራል። ወንዙ ሰፊ ነው። ለመርከብ አመቺ ነው፤ ውሃው ከዳርቻው ሥር ጥልቅ ስለሆነ ከዛፍ ጋር ያስሩ ነበር። ከስፔን መርከቦችም ይሸሽጋል። በግንቦት 14፣ 1607 እዚህ ያረፉት 104 ወንዶችና ወጣቶች ነበሩ። ቦታው ግን ለምን ባዶ ሆኖ እንደጠበቃቸው አልጠየቁም። አገሬው ያልሰፈረበት ወዶ አይደለም። ረግረግ ነው፣ ምንጭ የለውም። ወንዙ ከባሕር ጋር ስለሚገናኝ ሞልቶ ሲመጣ ጨው፣ ሲጎድል ጭቃ ነው። እነሱ የጠጡት ይህንን ነው። ጆርጅ ፐርሲ የሚባለው ከመካከላቸው የነበረ ሰው ስለ ውሃው በምሬት ጽፏል። የቀን ራሽናቸው ግማሽ ፒንት (አንድ ብርጭቆ ያህል) ስንዴና ግማሽ ፒንት ገብስ ተቀቅሎ ነበር፤ መርከብ ውስጥ ስድስት ወር የከረመ። ስሚዝ ትሉ ከፍሬው አያንስም ይላል። መስከረም ሲያልቅ ግማሾቹ ሞተዋል። በጥር 1608 ተጨማሪ መርከብ ሲደርስ በሕይወት የተገኙት 38 ናቸው።

ምሽጉ ሦስት ማዕዘን ነበር። ለብዙ ዘመን ወንዙ በልቶታል ተብሎ ተትቶ ነበር። በ1994 ዊልያም ኬልሶ የሚባል አርኪዮሎጂስት አካፋውን ይዞ መቆፈር ጀመረ። የአጥሩ እንጨቶች የቆሙባቸውን ጥቁር የአፈር ምልክቶች አገኘ። አብዛኛው ምሽግ እዚያው አፈር ውስጥ ነበር። ዛሬ አጥሩ በዚያው መስመር ላይ ቆሟል። እኛ ስንደርስም ወጣቶች ተንበርክከው በትንሽ ማንኪያ አፈር እየፋቁ ነበር። ልጄ አጥሩ ሥር ቁጢጥ ብላ አንዷን በጥያቄ አፋጠጠቻት። ልጅቷ ከአፈሩ ያወጣችውን ሰማያዊ የመስተዋት ዶቃ አሳየቻት። ከምስር ፍሬ ብዙ አይበልጥም። በቆሎ የሚገዙበት ገንዘብ ይህ ነበር።

በቆሎውን የሚሸጠው ዋሁንሰናካው ነው፤ እንግሊዞቹ ፖውሃታን ይሉታል። 30 ያህል ነገዶች ይገብሩለታል፤ ሕዝቡ ከ14,000 የማያንስ ነው። ሊያጠፋቸው ቢፈልግ በመጀመሪያው ዓመት ይችል ነበር። እሱ ግን እንደ አንድ ተጨማሪ ገባር ሊይዛቸው ያሰበ ይመስላል። መዳብና መጥረቢያ ይቀበላል፣ በቆሎ ይሰጣል። ስሚዝም ጎበዝ ነጋዴ ነበር፤ ንግዱ እምቢ ሲል ደግሞ መሣሪያ ይመዝዛል። ለራሱ ሰዎች ያወጣው ሕግ እኛም የምናውቀው ነው፤ ሊሠራ የማይወድ አይብላ። ከተሰሎንቄ መልእክት የወሰደው ነው። ስሚዝ አለቃ በነበረበት ክረምት ብዙ ሰው አልሞተም። በ1609 መጸው ባሩድ አቃጥሎት ወደ እንግሊዝ ተመለሰ።

ከዚያ የመጣውን ክረምት የረሃብ ጊዜ ይሉታል። የሳይንስ ሰዎች የጥንት ዛፎችን ክብ እየቆጠሩ እንዳገኙት ከ1606 እስከ 1612 ያሉት ሰባት ዓመታት በ770 ዓመት ውስጥ ያልታየ ድርቅ ነበሩ። ለካ ፖውሃታንም ጎተራው ጎድሎ ነበር። እንግዶቹ ግን እየጨመሩ ይመጣሉ፣ በጉልበት ይወስዳሉ። በመጨረሻ ምሽጉን ከበበው። ወጥቶ ማደን የለም፣ ዓሣ ማጥመድ የለም። 300 ያህል ሰው ነበር፤ በግንቦት 1610 የተረፉት 60 ናቸው። ፈረሱን በሉ። ከዚያ ውሻና ድመት፣ አይጥና እባብ፣ የጫማ ቆዳ።

ከዚያም ሰው።

ይህ ለረጅም ጊዜ በጽሑፍ ብቻ የሚታወቅ ወሬ ነበር። በ2012 አንድ የጓዳ ጉድጓድ ውስጥ፣ ከፈረስና ከውሻ አጥንት ጋር፣ የ14 ዓመት ልጅ የራስ ቅል ተገኘ። ጄን ይሏታል፤ ደሴቱ ላይ ያለው ሙዚየም ውስጥ አለች። ልጃችንን እናስገባት አናስገባት ብለን በር ላይ ተመካከርን። ባለቤቴ «ከትምህርት ቤት ከምትሰማው ከእኛ ጋር ትየው» አለች። ገባን። ግንባሯ ላይ አራት ትናንሽ የምሳር ምልክቶች አሉ። ተቀራርበው የተደረደሩ ናቸው፤ ቀለል ያሉ። የመታት ሰው እጁ ያመነታ ነው የሚመስለው። ከጀርባ ያሉት ግን ጠንካራ ናቸው። ከጎኗ ፊቷን በአጥንቷ ልክ ሠርተው አስቀምጠውታል፤ ነጭ ሻሽ የጠመጠመች ክብ ፊት ልጅ።

«ስሟ ግን እውነት ጄን ነው?» አለችኝ ልጄ።

«አይደለም። ያወጡላት ናቸው። ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ የለም።»

ውጭ የፖካሆንታስ ሐውልት አለ። እጆቿን ሰው ሁሉ እየያዘ ፎቶ ስለሚነሳ ነሐሱ ወርቅ መስሏል። የፖውሃታን ልጅ ናት። እንግሊዞቹ በ1613 በመያዣነት ወሰዷት። በቀጣዩ ዓመት እዚሁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጆን ሮልፍን አገባች፤ በ1617 እንግሊዝ ውስጥ ሞተች። ሐውልቷ ላይ ስለ መያዣነቱ የሚያስብ ሰው አላየሁም። ሰልፉ ረጅም ስለነበር እኛም አልፈነው ሄድን።

በሰኔ 1610 የተረፉት ምሽጉን ጥለው መርከብ ላይ ወጥተው ነበር። ወንዙን እየወረዱ ሳለ አዲሱ ገዢ ሎርድ ደላዌር ሰውና ስንቅ ይዞ ከታች ሲመጣ ተገናኙ። መለሳቸው። አንድ ሁለት ቀን ቢቀድሙ ኖሮ ጀምስታውንም እንደ ሮአኖክ ቲሸርት ላይ ብቻ ትቀር ነበር።

ያዳናት በኋላ ትምባሆ ነው። ሮልፍ በ1612 ግድም ከስፔኖች ግዛት የመጣ ዘር ዘራ፤ ለንደን ወደደው። በ1617 አዲስ አስተዳዳሪ ሲደርስ ገበያው ቦታ፣ መንገዱም ሳይቀር ትምባሆ ተተክሎበት አገኘ። ቤቱ እየፈረሰ ነው፣ ጉድጓዱ ተበላሽቷል፣ ሰው ግን ትምባሆ ይተክላል። በቆሎ እንዲዘሩ በሕግ ማስገደድ ያስፈልግ ነበር! በረሃብ ካለቁ ገና ሰባት ዓመታቸው ነው።

ሰኞ፦ ፖይንት ኮምፈርት

ከዊሊያምስበርግ ወደ ምሥራቅ 40 ደቂቃ ያህል ነው። ወንዙ ከባሕሩ የሚገናኝበት አፍ ፖይንት ኮምፈርት ይባላል፤ እዚያ ላይ ፎርት ሞንሮ አለ። ግዙፍ የድንጋይ ምሽግ ነው፤ ዙሪያውን በውሃ ቦይ ተከቧል። እሱ ግን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። እኛን ያመጣን ከሱ በፊት የነበረው ነው።

በዚያ የረሃብ ክረምት ጥቂት እንግሊዞች እዚህም ትንሽ ምሽግ ነበራቸው። በግንቦት ፐርሲ ከላይ ከጀምስታውን ወርዶ ሲያያቸው ደንግጦ ቀረ። ጠግበዋል። ሸርጣን እስከሚተርፋቸው ድረስ ያጠምዱ ነበር፤ የተረፈውን ለአሳማ ይሰጣሉ። በጀልባ የሚደረስበት ቦታ ላይ ሰው ሰው ይበላል።

«ለአሳማ?» አለች ባለቤቴ። ሁለቴ አስደገመችኝ።

ቀጥሎ ያለው ነው የመጣንበት ጉዳይ። በነሐሴ 1619 መጨረሻ ዋይት ላየን የምትባል መርከብ እዚህ ቆመች። የእንግሊዝ የባሕር ወንበዴ መርከብ ናት፤ የመዝረፍ ፈቃዷ ግን ከሆላንድ ነው። ሜክሲኮ አቅራቢያ አንዲት የፖርቱጋል መርከብ ዘርፋ ነው የመጣችው። የፖርቱጋሏ መርከብ ከሉዋንዳ፣ ከአንጎላ፣ 350 ያህል ሰው ጭና ነበር። ዋይት ላየን ከነሱ የተወሰኑትን ወስዳ እዚህ አደረሰች። ሮልፍ ለኩባንያው በጻፈው ደብዳቤ «20 ከነጥቂቱ» ይላቸዋል። ገዢውና የኩባንያው ነጋዴ ገዟቸው። በምን? ደብዳቤው ይናገራል፤ በስንቅ። መርከበኞቹ የሚበላ አልነበራቸውም፤ ሰው ሰጥተው እህል ወሰዱ።

ይህን ዓርፍተ ነገር ከጉዞው በፊትም አንብቤው ነበር። እዚህ ቆሜ ሳስበው ግን ሌላ ሆነብኝ። ጀምስታውን ጫማ ከበላች ገና አሥር ዓመቷ ነው። አሁን በእህል ሰው ትገዛለች። እህሉስ ከየት መጣ? መሬቱ የፖውሃታን ነው፣ አዘራሩም ከእነሱ የተማሩት ነው። ከወር በፊት ደግሞ፣ በሐምሌ 30፣ ያው ጀምስታውን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በዚህ አገር የመጀመሪያው የተመራጮች ጉባኤ ተቀምጧል። የዜግነት ፈተናው መልስ ስህተት አይደለም። ግማሽ ነው።

ቀጥላ ትሬዠረር የምትባል ሌላ መርከብ ከዚያው ዘረፋ ሰው ይዛ መጣች። በኋላ ጀምስታውን በተደረገ ቆጠራ በእሷ እንደመጣች የተጻፈች አንዲት ሴት አለች፤ አንጄላ ትባላለች። በካፒቴን ዊልያም ፒርስ ቤት። ስሟ፣ መርከቧ፣ ያ ብቻ ነው። እሑድ ዕለት ቤቱ የነበረበትን ቦታ አይተነዋል፤ ሣር ነው።

ምሽጉ ላይ ሌላም ታሪክ አለ። በ1861 የርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር ሦስት ባሪያዎች በሌሊት በጀልባ ወደዚህ ሸሹ፤ ፍራንክ ቤከር፣ ሼፐርድ ማሎሪ፣ ጄምስ ታውንሰንድ። ጌታቸው ሰው ልኮ አስጠየቀ። ምሽጉ በሰሜኑ ጦር እጅ ነው፤ አዛዡ ጄኔራል በትለር ጠበቃ ነበር። ቨርጂኒያ ተገንጥያለሁ ካለች የሸሸ ባሪያ ይመለስ የሚለው ሕጋችን አይመለከታትም፣ የጠላት ንብረት ደግሞ ይወረሳል ብሎ አስቀራቸው። ክርክሩ ሰውን ንብረት ብሎ ነው የሚጀምረው። ውጤቱ ግን በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በተከታታይ መጥተው እዚህ ተጠለሉ። የመጀመሪያዎቹ ከወረዱበት ቦታ በእግር ይደረሳል። ልጄ ደብተሯ ላይ 1861 ሲቀነስ 1619 ብላ ሠራች። 242።

ማክሰኞ፦ ወደ ቤት

ስንመለስ አውራ ጎዳናውን ትተን በኪንግ ዊልያም በኩል ዞርን። ፓመንኪዎች እዚያ አሉ፤ የፖውሃታን ሕዝብ ዘሮች፣ በራሳቸው መሬት ላይ። 1,200 ኤከር ያህል ቀርቷቸዋል። ሙዚየማቸው የሚከፈትበት ቀን አልነበረም። በ1677 በተፈረመ ውል መሠረት ዛሬም በየዓመቱ ከታንክስጊቪንግ በፊት ባለው ረቡዕ ሪችመንድ ሄደው ለገዢው አጋዘን ያቀርባሉ፤ ግብር ነው። የፌዴራል መንግሥቱ ግን እንደ ነገድ ያወቃቸው በ2015 ነው። ግብሩን ለመቀበል ዕውቅና አላስፈለገም ማለት ነው።

ለመሄድ ላሰባችሁ፦ ሮአኖክ ያለው ፎርት ራሌይና ፎርት ሞንሮ መግቢያ አይከፈልባቸውም። ለሁለቱ ጀምስታውኖች ግን ለየብቻ ትኬት ይቆረጣል፤ አንዱን ብቻ የምታዩ ከሆነ ደሴቱን ምረጡ። በጋ ላይ ከሆነ በጠዋት ግቡ፤ ትንኙ ከ1607 ወዲህ አልቀነሰም። ምግብ ብዙ የለም፣ በተለይ ለጾመኛ፤ ይዛችሁ ሂዱ። ከጀምስታውን ወደ ሰሪ የምታሻግር ጀልባ ደግሞ አለች፤ መኪናችሁን ጭና በነፃ ነው የምትወስደው። እኛ ጊዜ አጥሮን ዘለልናት፤ ልጄ እስካሁን ትነጫነጫለች።